ትሬለር አቆራረጥ በየዘውጉ፦ ከጥሬ ፊልም እስከ መጨረሻው ፋይል

ፊልሙ ትሪለር (ልብ አንጠልጣይ) ነው፤ ትሬለሩ (ማስተዋወቂያው) ግን የሰርግ ቪዲዮ ይመስላል። ድሮኑ ሀዋሳ ካለው ከታቦር ተራራ ተነሥቶ ሐይቁ ላይ ይንሳፈፋል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ለስላሳ ክራር ይሰማል፣ ሁለት ሰዎች ይጯጯኻሉ፣ አንዲት ሴት ታለቅሳለች፣ ከዚያ «በቅርብ ቀን»። ያየውን ሰው «ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?» ብትሉት ትከሻውን ይሰብቃል። እንዲህ የሚሆነው ቆራጩ የ100 ደቂቃ ፊልም በ2 ደቂቃ ለማጠቃለል ስለሚታገል ነው። ትሬለር አንድ ጥያቄ አንሥቶ ሳይመልስ ማለቅ አለበት። ዘውጉን ደግሞ ተመልካቹ ከዓይኑ በፊት በጆሮው ይለየዋል። የሚከተለው ቅደም ተከተል በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ስለሆነ ደረጃ አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ከመቁረጥ በፊት

ድምፁ ተለያይቶ ይምጣ

ያለቀውን ፊልም ብቻ ይዛችሁ አትጀምሩ። ፊልሙን ከሠራው ኤዲተር ሦስት የድምፅ ፋይል ጠይቁ፦ ንግግር ብቻ፣ ሙዚቃ ብቻ፣ ሌላው ድምፅ (እርምጃ፣ በር፣ ባጃጅ፣ ነፋስ) ብቻ። ሦስቱም ከፊልሙ የመጀመሪያ ሰከንድ ጀምረው ይውጡ፤ አለዚያ ከምስሉ ጋር ስታገጣጥሙ ቀኑ ያልቃል። ንግግርና ሙዚቃ ተደባልቀው ከመጡ፣ ከሁለት የተለያዩ ትዕይንቶች ሁለት ዓረፍተ ነገር ባገናኛችሁ ቁጥር ከሥር ያለው ሙዚቃ መሃል ላይ ይበጠሳል። ይህን ደግሞ ሙያው የሌለው ሰውም ይሰማዋል።

ፕሮጀክቱ ከነሃርድ ዲስኩ ጠፍቶ ከሆነ ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ሙዚቃ ከሌለባቸው ትዕይንቶች ብቻ ንግግር መምረጥ ነው። ሁለተኛው ተዋናዩን ጠርታችሁ የምትፈልጓቸውን አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገሮች እንደገና መቅዳት ነው፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ፍሪጅ አጥፉ፣ መስኮት ዝጉ። ትሬለር ውስጥ አብዛኛው ንግግር የሚሰማው ሌላ ምስል እየታየ ስለሆነ ከከንፈር ጋር አለመግጠሙ አያስጨንቅም። ድምፅን ከሙዚቃ የሚለዩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሆኖም «ስ» እና «ሽ» ላይ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው የሚናገር የሚያስመስል ርዝራዥ ስለሚተዉ የመጨረሻ አማራጭ ይሁኑ።

የፍሬም ብዛት

በስልክ የተቀረጸ ትዕይንት ካለ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚይዙት ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከፍ ዝቅ ይላል፤ ታይምላይን (ክሊፖች የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ሲገባ ድምፁ ቀስ በቀስ ከአፍ ይርቃል። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም «ኮንስታንት ፍሬም ሬት» መርጣችሁ ፊልሙ በተሠራበት ቁጥር፣ ማለትም በ24 ወይም በ25፣ ቀይሩት። አምፖል የሚርገበገብባቸውን ሾቶች ግን ለማከም አትልፉ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የካሜራው ሻተር (የመዝጊያ ፍጥነት) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ካልሆነ የሚመጣ ነገር ነው፤ ሌላ ሾት ፈልጉ።

መብራት ሲጠፋ

አውቶሴቩን (ፕሮግራሙ ሥራችሁን በራሱ የሚያስቀምጥበትን) በየ5 ደቂቃው አድርጉት። ፊልሙን በሁለት ዲስክ ያዙ፤ በዴስክቶፕ የምትሠሩ ከሆነ መብራት ሲሄድ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ይኑራችሁ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፕሮጀክቱ አልከፍት ካለ ዋናውን ፋይል ደጋግማችሁ አትነካኩት፤ ከአውቶሴቭ ማኅደሩ የመጨረሻውን ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ያለውን ክፈቱ።

የፊልሙ መዝገብ

ፊልሙን ሁለት ጊዜ እዩ። መጀመሪያ ሳታቆሙ፣ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሥታችሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ደብተር ይዛችሁ፣ ገጹን አራት ዓምድ ከፍላችሁ፦ ሰዓቱ፣ ንግግር፣ ምስል፣ ድምፅ። 30 ያህል ንግግር፣ 60 ያህል ምስል፣ 10 ያህል ሰው ዝም ብሎ የሚያይባቸውን ሾቶች መዝግቡ። እነዚህን የዝምታ እይታዎች የሚንቅ ቆራጭ ብዙ ነው፤ ሥራው ሲጠብ የሚያድኑት ግን እነሱ ናቸው፤ አንድ ሰው ወደ ጎን ሲያይ የሚያየውን ነገር የምትመርጡት እናንተ ናችሁና።

ታሪኩን የምትወስዱት ከፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ከሁለተኛው አጋማሽ ምስል መውሰድ ይቻላል፣ ብቻውን ሲታይ ምስጢር የማያወጣ ከሆነ። ከመጨረሻው 15 ደቂቃ ንግግር አትውሰዱ።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን ጻፉ

በአንድ መስመር፦ ማን፣ ምን ፈለገ፣ ምን ከለከለው። ከሁለት መስመር ካለፈ ገና አልደረሳችሁም።

ከዚህ በኋላ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። ሀዋሳ ውስጥ አንድ የባጃጅ ሹፌር ከመናኸሪያ ወደ አሞራ ገደል የጫነው ሰው ቦርሳ ረስቶ ወረደ። ፊልሙ ይኸው ነው። ጥያቄው እንደ ዘውጉ ይቀየራል። በትሪለር «ቦርሳውን የሚፈልገው ማነው?»፣ በአስፈሪ «ቦርሳው ለምን ተመልሶ ይመጣል?»፣ በፍቅር ኮሜዲ «የቦርሳዋ ባለቤት ነገ እያገባች እንደሆነ መቼ ትነግረው ይሆን?»፣ በድራማ «ውስጡ ያለውን ደብዳቤ ለእናቱ ያነብላት ይሆን?»። ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፉ። ማንኛውም ክሊፕ ታይምላይኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይህን ጥያቄ ያጠነክራል ወይስ ያደክማል ብላችሁ መዝኑት። የድሮኑ የጀንበር መጥለቂያ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ይወድቃል። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጀንበሯ ሁሌም ውሃው ላይ ትጠልቃለች፤ ያምራል፣ ግን የሰርጉም፣ የሆቴል ማስታወቂያውም፣ የክሊፑም መክፈቻ እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ርዝመትና አጽም

ቲዘር (ከዋናው ቀድሞ የሚወጣው አጭር ቅምሻ) ከ30 እስከ 60 ሰከንድ፤ ዋናው ትሬለር ከ1፡30 እስከ 2፡15፤ ለስልክ በቁም የሚሠራው ቅጂ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ትሬለር ከ2 ደቂቃ እንዳይበልጥ ጠይቋል፤ ከዚያ በፊት የተለመደው ጣሪያ 2 ደቂቃ ተኩል ነበር። 3 ደቂቃ ከሄደባችሁ ቆርጣችሁ አልጨረሳችሁም ማለት ነው።

ለ2 ደቂቃ ትሬለር ይህን አጽም ታይምላይኑ ላይ በማርከር (በምልክት) አስቀምጡ፦

1. ከ0፡00 እስከ 0፡06፣ መያዣ። አንድ ምስል ወይም አንድ ንግግር። ሎጎ አይቅደም፤ ስልክ ላይ የሚያየው ሰው ሎጎውን አይጠብቅም።
2. ከ0፡06 እስከ 0፡12፣ ሎጎዎች። ሦስት ድርጅት ካለ ሦስቱንም በአንድ ካርድ ጨርሱ።
3. ከ0፡12 እስከ 0፡40፣ ሰውየውና የዕለት ኑሮው።
4. ከ0፡40 እስከ 0፡50፣ መታጠፊያው። ቦርሳው ኋላ ወንበር ላይ ይታያል።
5. ከ0፡50 እስከ 1፡25፣ ነገሩ ይወሳሰባል።
6. ከ1፡25 እስከ 1፡45፣ ጥድፊያ።
7. ከ1፡45 እስከ 1፡48፣ ጸጥታና አንድ ንግግር።
8. ከ1፡48 እስከ 1፡53፣ የፊልሙ ስም።
9. ከ1፡53 እስከ 2፡00፣ ጭራ፦ አንድ አጭር ትዕይንት፣ ቀጥሎ ቀንና ቦታ።

መታጠፊያው ከ0፡50 ካለፈ ተመልካቹ ጥሏችሁ ይሄዳል። የሚያልፈው ሁልጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ተራ ቁጥር 3 ላይ ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ ለማስተዋወቅ ስለምትሞክሩ። ሁለት ሰው ይበቃል። ስማቸው ባይጠራም ግድ የለም።

ደረጃ 4፦ ድምፁን መጀመሪያ ቁረጡ

ምስል ሳትነኩ የ2 ደቂቃ ድምፅ ሥሩ። ስክሪኑ ጥቁር ይሁን።

1. ከመዘገባችሁት 30 ንግግር 8 እስከ 12 ምረጡ። በጥያቄ የሚያልቁትንና ግማሽ የሆኑትን አስቀድሙ። የሚያብራሩትን («አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኮ እኔ…») ጣሏቸው።
2. ንግግሮቹን በአጽሙ ላይ ደርድሩ። በመካከላቸው ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ አየር ይኑር።
3. ሙዚቃውን በሦስት ቁራጭ አስገቡ፦ መክፈቻ፣ ከመታጠፊያው በኋላ፣ ጥድፊያው ላይ። አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ከዘረጋችሁ ትሬለሩ የሙዚቃ ክሊፕ ይሆናል።
4. በሁለት ቁራጭ መካከል ሙዚቃውን ቁርጥ አድርጉት፤ ቀስ እያለ አይጥፋ። ቁርጡ ላይ ከትዕይንቱ የተወሰደ ድምፅ አሳርፉ፦ የበር መዝጊያ፣ የባጃጅ ፍሬን፣ የስልክ ንዝረት።
5. ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ዘውጉ ካልታወቀ ምስል ለመጨመር አትቸኩሉ።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አቆራረጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ማን ምን እንዳደረገ የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። «ቦርሳውን ለፖሊስ…» ብላችሁ ከቆረጣችሁ ተመልካቹ ሰጠ ወይስ አልሰጠም ብሎ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በትሪለር ይህ ወርቅ ነው። ያው ቁርጥ በኮሜዲ ቀልዱን ይገድለዋል፣ ቀልዱ ግሱ ላይ ነውና። ሳታውቁት የምትቆርጡትም አለ፤ የግሱ የመጨረሻ ድምፅ በንግግር ጊዜ ስለሚደክም ስክሪኑ ላይ በሚታየው የድምፅ ሞገድ ላይ አይታይም፣ ዓይናችሁን አምናችሁ ስትቆርጡ «አለች» የነበረው «አለ» ሆኖ ይቀራል። ከሞገዱ ማብቂያ 4 ወይም 5 ፍሬም ጨምራችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ በጆሮ አረጋግጡ።

የሙዚቃ መብት

ከዩቲዩብ ያወረዳችሁትን ሙዚቃ አታስገቡ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጠቀም ያስጠይቃል። ከአዋጁ በፊት የሚደርስባችሁ ደግሞ ዩቲዩብ ራሱ ነው፤ የመለያ ሥርዓቱ ሙዚቃውን ለይቶ ትሬለሩን ሊያግድ ይችላል፣ ያውም ፊልሙ በሚመረቅበት ሳምንት። «የሕዝብ ዜማ ነው» ማለትም አያድንም። ዜማው የሕዝብ ቢሆን እንኳ የተቀዳው ቅጂ ባለመብት የሠራው ሰው ነው። ማሲንቆ ወይም ክራር ከፈለጋችሁ ተጫዋች ጠርታችሁ ለ1 ሰዓት ቅዱ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ። ስትቀዱ ሙሉ ዜማ ብቻ አታስጫውቱ፤ አንድ ክር ተመቶ እስኪጠፋ፣ ቀስቱ ሲንሸራተት፣ ቆዳው በጣት ሲመታ ለየብቻ ይቀዳ። ከእነዚህ ቁርጥራጮች የሚሠራ ትሬለር ከተገዛ የሆሊውድ ድምፅ ይልቅ የራሱ መልክ ይኖረዋል።

ደረጃ 5፦ ምስሉን እንደ ዘውጉ አልብሱ

ትሪለር

መነሻው የልብ ምት ወይም የሰዓት ቆጠራ የመሰለ አንድ ቋሚ ምት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሾቶች ከ3 እስከ 4 ሰከንድ፣ ከመታጠፊያው በኋላ 1 ሰከንድ ተኩል፣ ጥድፊያው ላይ ከ8 እስከ 12 ፍሬም። ፍጥነቱ ሁሌም ከዝግታ ይነሣ፤ ከመጀመሪያው ከፈጠነ ጥድፊያው ላይ የሚጨመር ነገር አይኖርም። ጠላትየውን ፊቱን አታሳዩ፤ እጁን፣ ጫማውን፣ በመስታወት የሚታይ ጥላውን አሳዩ። ከቦርሳው ውስጥ ስልክ ይንዘር፣ ሹፌሩ ያንሳው፣ ማዶ ያለው ሰው ሲናገር ድምፁ ሳይሰማ ወደ ጥቁር ቁረጡ።

የሚበላሽበት፦ ጥድፊያው ላይ ሁሉም ሾት የፊት ቅርብ ከሆነ ዓይን ይደነዝዛል። አንድ ሰፊ፣ ሁለት ቅርብ፣ አንድ የዕቃ ሾት እያላችሁ አፈራርቁ፤ እንቅስቃሴውም አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ በተቃራኒው ይሁን።

አስፈሪ

የአስፈሪ ፊልም ትሬለር የሚሠራው በዝምታ ነው። ሙዚቃ አሳንሱ፣ የተለመደ ድምፅ አግንኑ። የሀዋሳ ሌሊት ራሱ ዕቃ ነው፦ የእንቁራሪት ጩኸት ድንገት ጸጥ ማለቱ፣ ከሐይቁ የጉማሬ ማጓራት፣ የአባ ኮዳ ምንቃር ሲንቋቋ የሚሰጠው ደረቅ የእንጨት ድምፅ። ይህን የመጨረሻውን አሞራ ገደል ዓሣ በሚበለትበት ሰዓት ከ2 ሜትር ርቀት ቅዱት፣ ፍጥነቱን ወደ 60 በመቶ አውርዱት፤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የሐሰት ድንጋጤ (በሩን የከፈተው ጎረቤት ነው)፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት 2 ሰከንድ፣ ከዚያ እውነተኛው። እውነተኛው ተመልካቹ ከጠበቀው ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ወይም 1 ሰከንድ ዘግይቶ ይምጣ፤ በልኩ ከመጣ አያስደነግጥም። የሚያስፈራውን ነገር ከ12 ፍሬም በላይ አታሳዩ። ሜካፑ ደካማ ከሆነ ጨርሶ አታሳዩት፤ የሚያየውን ሰው ፊት አሳዩ። ባጃጁ ቆሞ፣ ኋላ ወንበሩ ባዶ ሆኖ፣ መስታወቱ ላይ ግን ቦርሳው መታየቱ ይበቃል።

የሚበላሽበት፦ ከእያንዳንዱ ድንጋጤ ጋር «ዷ!» የሚል ድምፅ ማስገባት። ከሁለት በላይ ከሆነ ሰው መሳቅ ይጀምራል። ዝምታው ደግሞ ፍጹም ባዶ አይሁን፤ ድምፁ ዜሮ ሲሆን ስልክ የሚያየው ሰው ተበላሸ ብሎ ይነካዋል። ማንም ሳይናገር የሚሰማውን የክፍሉን ድምፅ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ተዉ።

የፍቅር ኮሜዲ

ሙዚቃው ደስ የሚል፣ ምቱ ግልጽ፣ የሚቆምበት ቦታ ደግሞ ከሚጫወትበት የበለጠ የታሰበ ይሁን። ደንቡ ይህ ነው፦ ሙዚቃው እየሄደ ነገሩ ይዘጋጃል፣ ሙዚቃው ድንገት ይቆማል፣ ቀልዱ በጸጥታ ይነገራል፣ የሚሰማው ሰው ፊት ከ15 እስከ 20 ፍሬም ይታያል፣ ሙዚቃው ይመለሳል። አዲስ ቆራጮች ቀልዱ እንደተነገረ ይቆርጣሉ፤ ሳቁ ግን ያለው የሰሚው ፊት ላይ ነው። ለምሳሌ ሹፌሩ ቦርሳውን ሲያስረክብ፦

«ከፍተህ አይተኸዋል?»
«ኧረ በፍጹም! ቬሎው ግን ያምራል።»

ከዚህ በኋላ የእሷ ፊት 18 ፍሬም፣ ከኋላ የሌላ ባጃጅ ጥሩምባ፣ ሙዚቃ።

የፊልሙን ምርጥ ቀልድ ለአዳራሹ አስቀምጡ፤ ሁለተኛውን ጭራው ላይ፣ ከፊልሙ ስም በኋላ አድርጉት። ጓደኛ የሚሆነው ገጸ ባሕርይ ቢያንስ አንድ ቀልድ ይኑረው። የተቀዳ የሳቅ ድምፅ አታስገቡ። ጠቡን አሳዩ፣ እርቁን አታሳዩ።

የሚበላሽበት፦ ቀልዱ ያለ ትዕይንቱ አውድ የማያስቅ ሆኖ ሲገኝ። ፊልሙን ላላየ ሰው በቃል ንገሩት፤ ካልሳቀ ትሬለር ውስጥም አያስቅም።

የቤተሰብ ድራማ

እዚህ የእኛ አገር ትሬለሮች በልቅሶ ይሰጥማሉ። አንድ እንባ ብቻ ፍቀዱ፣ እሱንም ከ1፡20 በኋላ። ሾቶቹ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ይቆዩ፤ አንድ ንግግር ሳይቆረጥ ሙሉውን ይሰማ። ሰው ሲያለቅስ ከማሳየት ይልቅ እንዳያለቅስ ሲታገል አሳዩ፦ እናትየው ደብዳቤውን ሳትከፍት ሥራ ፈልጋ ቡናውን ስታማስል፣ ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ። ሙዚቃው አንድ መሣሪያ ይበቃዋል። ሁለት ሰዎች የሚጯጯኹበትን ትዕይንት ከተጠቀማችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ በሌላ ንግግር ሸፍኑት።

ታሪካዊ

ካርድ ላይ ዓመት ስትጽፉ ዓ.ም. ወይስ እ.ኤ.አ. የሚለውን ለዩ፤ ካርዱ 1928 ብሎ ተራኪው 1936 ካለ ትሬለሩ በአስተያየት መስጫው ላይ ያልቃል። ከበሮና ሰፊ ሾት የዘውጉ ልማድ ነው። ሰፊ ሾት ሲመረጥ ግን እያንዳንዱን ቆም አድርጋችሁ አጉሉት፤ የመብራት ምሰሶ፣ ዲሽ፣ የሮቶ ታንከር፣ የፕላስቲክ ጀሪካን፣ የባሕር ዛፍ አጥር ላይ የተሰጣ ቲሸርት። ካሜራው ካልተንቀሳቀሰ ከላይ ወይም ከጎን በመከርከም ይወጣል፤ ከተንቀሳቀሰ ሾቱን ጣሉ።

አክሽን

ምቱ በከበሮ ይታሰር፤ ቡጢው፣ በሩ፣ ፍሬኑ ምቱ ላይ ይረፉ። ምስሉን ከምቱ 1 ወይም 2 ፍሬም አስቀድሙ፣ ዓይን እስኪይዝ ጊዜ ይወስዳልና። ከሦስት ድብደባ በኋላ ሰፊ ሾት አስገቡ፤ ማን የት እንደቆመ ካልታወቀ ግርግር ብቻ ነው የሚሆነው። ቡጢው እንዳልደረሰ የሚያጋልጥ ሾት ካለ ከመገናኘቱ 2 ፍሬም በፊት ቁረጡና ድምፁን ቀጣዩ ሾት ላይ አሳርፉ።

ዘጋቢ ፊልም

የሰዎቹ የራሳቸው ድምፅ ይምራ፤ የተራኪ ድምፅ የግድ ካልሆነ አታስገቡ። መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ከሆነ ጥያቄው «ምን ሆነ» ሳይሆን «እንዴት ሆነ» ይሁን። የተናጋሪን ዓረፍተ ነገር ቆርጣችሁ ያላለውን እንዳታስብሉት፤ በፈጠራ ፊልም ብልሃት የሆነው እዚህ ውሸት ነው። ለፊልሙ ፈቃድ የሰጠ ሰው ለማስታወቂያ መስጠቱንም አረጋግጡ።

የልጆች ፊልምና አኒሜሽን

ፈካ ያለ፣ ከ1 ደቂቃ ተኩል ያልበለጠ፣ ጽሑፍ የሌለው ይሁን። ማንበብ የማይችል ተመልካች ስላለ የፊልሙ ስም በድምፅም ይጠራ።

ሁለት ዘውግ ከተቀላቀለስ? አንዱን ምረጡ። ኮሜዲም ትሪለርም የሆነ ፊልም ትሬለሩ የአንዱ ይሁንና ሌላው ጭራው ላይ ብቻ ብቅ ይበል።

ደረጃ 6፦ ጽሑፍና ካርዶች

አንድ ካርድ ላይ ከ3 እስከ 5 ቃል፣ ለ2 ሰከንድ። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ድምፅ አውጥታችሁ አንድ ጊዜ ማንበብ ከቻላችሁ ይበቃል። ቀጫጭን የፊደል ቅርፆች ስልክ ላይ ይጠፋሉ፤ ወፍራሙን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የመሰለ ፎንት ምረጡ። ፊደሎቹን በወርድ አትለጥጡ። በጽሑፉ ቦታ አራት ማዕዘን ሳጥን ከመጣ ፎንቱ ግዕዝ የለውም ማለት ነው፤ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከመጣ ጽሑፉ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ በአሮጌ ፎንት ነው፣ እንደገና ተይቡት።

ሲዳምኛ ንግግር ካለ የግርጌ ጽሑፍ አስገቡ፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ። የሲዳምኛውን ዋና ቃል በራሱ ፊደል የምትጽፉ ከሆነ በላቲን ስለሆነ፣ ከግዕዙ ጎን ሲቆም እንዳያንስ ወይም እንዳይገን መጠኑን ለየብቻ አስተካክሉ።

የፊልሙን ስም አጻጻፍ አንድ ጊዜ ወስኑና በፖስተሩ፣ በትሬለሩና በዩቲዩብ ርዕሱ ላይ ሳትቀይሩ ተጠቀሙ። አንዱ ላይ «ሀዋሳ»፣ ሌላው ላይ «ሐዋሳ»፣ ሦስተኛው ላይ «አዋሳ» ከሆነ የሚፈልገው ሰው ላያገኘው ይችላል። በመግለጫው ውስጥ ግን ሦስቱንም ጻፉ።

ደረጃ 7፦ መፈተሻ

መጀመሪያ በስልክ ድምፅ ማጉያ ስሙት። የስልክ ማጉያ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም፤ በስቱዲዮ ደረት የሚመታው ድምፅ እዚያ የለም። መፍትሔው ማጉላት አይደለም። ከሥሩ መካከለኛ ድምፅ ያለው ነገር፣ እንደ ብረት በር መዘጋት ያለ፣ ደርቡበት። ጠቅላላ ድምፁን ወደ −14 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ)፣ ከፍተኛውን ጫፍ ወደ −1 ዴሲቤል አድርጉት። ዩቲዩብ ከዚህ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፣ ዝቅ ያለውን ግን ከፍ አያደርግም።

ከዚያ ፊልሙን ያላዩ አምስት ሰዎች ፈልጉ፤ ከቡድኑ ውስጥ ያለና ዘመድ አይቆጠርም። አንድ ጊዜ አሳዩአቸውና ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ምን ዓይነት ፊልም ነው? ሰውየው ምን ይፈልጋል? መጨረሻው ምን ይመስልሃል? «ወደድከው?» አትበሉ፤ ሁሉም «አሪፍ ነው» ይላችኋል። መልሱንም እንዲህ ተርጉሙት፦

የመጀመሪያውን ከሳቱ ችግሩ መክፈቻው 20 ሰከንድ ውስጥ ያለው ድምፅ ነው፣ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። ሁለተኛውን ከሳቱ መታጠፊያው አልታየም። ሦስተኛውን ሦስት ሰዎች በትክክል ከመለሱ ታሪኩን አውጥታችኋል፤ ከ1፡25 በኋላ ያሉትን ንግግሮች አንሡና በዝምታ እይታ ተኩ።

ደረጃ 8፦ ፋይሉን ማውጣት

ለዩቲዩብ፦ ኤምፒ4፣ ኤች.264፣ 1920 በ1080፣ ከ16 እስከ 20 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ። የፍሬሙ ቁጥር ፊልሙ የተሠራበት ይሁን።

ለቴሌግራም፦ «ቪዲዮ» ብላችሁ ከላካችሁ ያጨመድደዋል፤ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ።

ለቲክቶክ፦ 1080 በ1920። አግድሙን መሃል ከርክማችሁ አትጣሉት፤ ሁለት ሰው የሚነጋገርበት ሾት ባዶ ግድግዳ ይሆናል። ሾት በሾት አንቀሳቅሱት። ጽሑፍ ከታች አምስተኛው ክፍልና ከቀኝ ጠርዝ ይራቅ፣ ቁልፎቹ ይሸፍኑታል።

ለአዳራሽ፦ ከምን ላይ እንደሚያጫውቱ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከላፕቶፕ ከሆነ ኤምፒ4ቱን በሁለት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና አዳራሹ ባዶ ሳለ አጫውቱት፤ ግራና ቀኝ ድምፁ መውጣቱን፣ ጥቁሩ ግራጫ አለመሆኑን እዩ። ዲሲፒ (የሲኒማ ቤት ዲጂታል ፋይል) ከጠየቁ ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይሠራዋል።

ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑ መጀመሪያ በሊንክ ብቻ የሚታይ (አንሊስትድ) አድርጉት። የሙዚቃ መብት ምርመራው እስኪያልቅ፣ 1080ፒው እስኪወጣ ጠብቁ፤ ወዲያው ከተበተነ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች የደበዘዘውን ቅጂ ነው የሚያዩት። በሌላ ሰው ስልክ ከዳር እስከ ዳር እዩት፤ ቀኑን፣ የአዳራሹን ስም፣ የተዋንያኑን ስም ፊደል በፊደል አንብቡ። አንድ ጊዜ የተጫነ ቪዲዮ በዚያው ሊንክ በሌላ ፋይል አይተካም። ሊንኩ ከተበተነ በኋላ የተገኘ የፊደል ስህተት ማለት ማጥፋት፣ እንደገና መጫንና የተቆጠረውን እይታ ማጣት ነው።